ውሻን አርቪ ውስጥ ብቻውን ትቶ ለመውጣት፦ «መብራት ቢሄድስ?» ብሎ መጀመር

አዲስ አበባ ያደገ ሰው መብራት እንደሚሄድ ያውቃል። ሻማውና ክብሪቱ ያሉበትን በጨለማ ዳብሶ ያገኛል። አሜሪካ ጥቂት ዓመት ከኖረ በኋላ ግን ይረሳዋል። እኔም ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰኝ ውሻዬ ቡቺ ነው።

ጁላይ ውስጥ ነው፤ ቴክሳስ። አንድ የግል ካምፕ ግራውንድ (ተጓዦች የሚያርፉበት ሰፈር) ውስጥ አርቪያችንን፣ ማለትም መኝታና መታጠቢያ ያለውን የጉዞ መኪናችንን አቁመን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን (ኤሲውን) ከፍተን፣ ቡቺን ውስጥ ትተን ምሳ ልንበላ ወጣን። ኤሲው እየሠራ ስለነበር ልባችን ሙሉ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይተን ስንመለስ ኤሲው ጸጥ ብሏል። ውጭ ባለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ ብሬከሩ ወርዷል። ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 97 ዲግሪ ፋራናይት (36 ሴልሺየስ) ያሳያል። ቡቺ መታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርግቶ ያለከልካል። ተረፈልን። ሌላ አንድ ሰዓት ብንቆይ ምን እናገኝ እንደነበር ግን ዛሬም ማሰብ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ያለኝ አቋም ይህ ነው፦ ውሻው ይሰለቸው ይሆን፣ ይጮህ ይሆን ከሚለው ጭንቀት በፊት «እኔ በሌለሁበት መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል?» የሚለው መልስ ማግኘት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም የተሠራው በዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

1. ቦታውን ከመያዝዎ በፊት ደንቡን ይጠይቁ

ካምፕ ግራውንድ ሁሉ አንድ ዓይነት ደንብ የለውም። አንዳንዱ ውሻ አርቪ ውስጥ ብቻውን እንዲቆይ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል። ስልክ ደውለው በግልጽ ይጠይቁ፦ «ኤሲ ተከፍቶለት ውሻዬ ውስጥ ብቻውን ለሁለት ሰዓት መቆየት ይችላል?» «ውሻ ይፈቀዳል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም፤ መልሱ «አዎ» ሆኖ ከደረሱ በኋላ ብቻውን መተው ክልክል መሆኑን ሊሰሙ ይችላሉ።

በፌዴራል ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ከ6 ጫማ (1.8 ሜትር) በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። ውጭ ከዛፍ ወይም ከጠረጴዛ ጋር አስሮ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፤ ሰው የሚረብሽ ጩኸትም እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ፓርኩ የራሱን ተጨማሪ ደንብ ሊያወጣም ይችላል። አሪዞና ያለውን ትልቅ ሸለቆ፣ የግራንድ ካንየንን ፓርክ እንውሰድ። በደቡቡ ጠርዝ በኩል ውሻ በካምፕ ግራውንዶቹና ከገደሉ በላይ ባሉት መንገዶች መሄድ ይችላል፤ ወደ ሸለቆው መውረድና የፓርኩ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ግን አይችልም። ስለዚህ ወደ ታች መውረድ የሚፈልግ ቤተሰብ ውሻውን የሆነ ቦታ መተዉ ግድ ነው። እዚያ ሜዘር የተባለው ካምፕ ግራውንድ የኤሌክትሪክ መስመር የለውም፤ ትሬለር ቪሌጅ የተባለው አለው። ሜዘር ላይ ጄኔሬተር የሚፈቀደው ጠዋትና ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በጠራራ ቀን ኤሲ ላይ ተማምኖ ውሻ መተው አይታሰብም። ፓርኩ የውሻ ማቆያ አለው፤ የክትባት ወረቀት ስለሚጠይቁ ከቤት ሲነሱ ይያዙት። ለእንዲህ ያለው ረጅም ቀን የእኔ ምክር ማቆያው ነው።

2. የራስዎን አርቪ የመጋያ ጊዜ ይለኩ

ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማምንበት እሱን ነው።

በ2005 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 40 ዲግሪ ፋራናይት (22 ሴልሺየስ) ይጨምራል፤ ከዚያ ጭማሪ ውስጥ 80 በመቶው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። መስኮት ገርበብ ማድረጉ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። አርቪ ከመኪና ስለሚሰፋ፣ ግድግዳውም ሙቀት የሚከላከል ነገር ስላለው ዘግየት ብሎ ሊሞቅ ይችላል። ግን በስንት ደቂቃ? እሱን የሚነግርዎት የእርስዎ አርቪ ብቻ ነው።

ፀሐያማ ቀን ይምረጡ። ውሻውን ከቤተሰብ ሰው ጋር ጥላ ሥር ያቆዩት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ (በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት) ውስጡ 75 ዲግሪ ፋራናይት (24 ሴልሺየስ) ሆኖ ሳለ ኤሲውን ያጥፉ። በርና መስኮቱን ልክ እንደሚወጡበት ቀን ይዝጉ። ቴርሞሜትሩን ውሻው በሚተኛበት ከፍታ ላይ አድርገው በየ5 ደቂቃው ይመዝግቡ። 85 ዲግሪ (29 ሴልሺየስ) እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ይጻፉ። ያንን ለሁለት ያካፍሉት፤ የእርስዎ ቁጥር እሱ ነው። 40 ደቂቃ ከፈጀ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተመልሰው በሩን መክፈት ከማይችሉበት ቦታ አይሂዱ። 20 ደቂቃው የሚቆጠረው በ5ኛው ክፍል የማነሳው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ስልክዎን ካስጮኸበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ ሒሳብ መክፈሉ፣ መኪናው ጋ መድረሱ፣ ትራፊኩ ሁሉ በውስጡ ነው።

ቁጥሩ እንደ አየሩ ይለወጣል። ጥላ ባለበት፣ ደመና በሆነበት ቀን ይረዝማል፤ 100 ዲግሪ በሆነበት ቀን በጣም ያጥራል። ውሻው ያረጀ፣ የወፈረ፣ ወይም እንደ ቡልዶግና ፐግ አፍንጫው የተደፈጠጠ ከሆነ የተገኘውን ቁጥር እንደገና ይቀንሱ። ውሻ ራሱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ አፍንጫው አጭር የሆነ ውሻ ደግሞ እሱንም በደንብ አይችልም።

3. ብሬከሩ እንዳይወርድ አምፒሩን ይቁጠሩ

የእኛ ብሬከር ለምን እንደወረደ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። የአርቪ መስመር 30 አምፒር ከሆነ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው። ትልቁ የጣሪያ ኤሲ ሲሠራ እስከ 16 አምፒር ሊወስድ ይችላል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ሲሠራ ወደ 12 አምፒር ይወስዳል። ፍሪጁ 3 አምፒር ያህል። ይኸው 31 ሆነ። ማሞቂያው ደግሞ ውሃው ሲበርድ በራሱ ስለሚነሳ፣ ስትወጡ ሰላም የነበረው መስመር ከወጣችሁ በኋላ ይቋረጣል። ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ ብሬከር ደግሞ ከተጻፈበት ቁጥር ቀድሞ ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ከኤሲውና ከፍሪጁ በቀር ሌላውን ሁሉ ያጥፉ፦ የውሃ ማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ የቡና ማፍያውን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን። 50 አምፒር መስመር ያለው አርቪ ሁለት ባለ 120 ቮልት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይሸከማል፤ እዚያ ላይ ይህ ችግር በጣም ይቀላል።

ሶኬቱንም ይመልከቱት። ብዙ ሰው የተጠቀመበት የካምፕ ግራውንድ ሶኬት ይላላል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የጠቆረ ካዩ ሌላ ቦታ ይጠይቁ። ቮልቴጅ ሲዛባ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ቢኖርዎት ለኤሲው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ዓይነት ቮልቴጁ ከ104 በታች ሲወርድ ይቆርጣል። በሞቃት ከሰዓት ሰው ሁሉ ኤሲ ሲከፍት የሚወርደው ደግሞ ይኸው ቮልቴጅ ነው። ኤሲዎን የሚያድነው መሣሪያ ውሻዎን ያለ ኤሲ ሊያስቀረው እንደሚችል ይወቁ። የገዛሁት ቀን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ለክርስትና ወይም ለሠርግ ዘመድ ቤት ሄደን አርቪውን ደጃፍ ላይ አቁመን፣ እንግዳው ውሻ ስለሚፈራ ውሻውን እዚያው እንተወዋለን። መስመሩ ከጋራዥ ሶኬት በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ የተሳበ ነው። የቤት ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 አምፒር ብሬከር ላይ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ የጋራዡ ፍሪጅ ሊኖር ይችላል። ገመዱ ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኤሲው ይቆማል። ድግሱ ሲደምቅ ደግሞ ማንም አያስተውለውም። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ውሻ ትቼ አልገባም፤ ዘመዶቼን ለምኜ አንድ መኝታ ክፍል ዘግቼ አስገባዋለሁ።

4. መብራት ሲሄድ የሚቀጥል ነገር ይኑር

መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። ኤሲው እየሠራ ሳለ ውጭ ያለውን ብሬከር ያውርዱ፣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ መልሰው ያንሱት። ኤሲው በራሱ ተነሳ? አንዳንዱ ይነሳል። አንዳንዱ ግን ሰው እስኪነካው ድረስ እንደጠፋ ይቀራል። የእርስዎ የኋለኛው ዓይነት ከሆነ፣ መብራት ለአንድ ደቂቃ ብልጭ ብሎ ቢመለስ እንኳ ውሻው ያለ ኤሲ ይውላል።

ቀጥሎ የጣሪያ ፋን። በአርቪው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ የውጭው መብራት ቢሄድም ይሠራል። ቴርሞስታት ያለውና ክዳኑን በራሱ የሚከፍት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ 85 ላይ ያድርጉት። ኤሲው እየሠራ ሳለ ዝም ይላል፣ ኤሲው ሲቆምና ሙቀቱ 85 ሲደርስ ይከፈትና ይነሳል። ሌላ አንድ መስኮት በጥላው በኩል ትንሽ ክፍት ይሁን፤ አየር የሚገባበት ከሌለ ፋኑ ምን ያወጣል? ፋን ውስጡን ከውጭው አየር በታች አያቀዘቅዝም። ውጭ 95 ከሆነ ውስጡም በዚያው አካባቢ ይሆናል። ነገር ግን በ95 እና በ120 መካከል ያለው ልዩነት የውሻ ሕይወት ነው።

መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ያላቸው ትልልቅ አርቪዎች አሉ። ካለዎትና ካምፕ ግራውንዱ ከፈቀደ መልካም ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ግን በየጉዞው ይፈትሹ። ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ከግድግዳ ወይም ከሣር ጋር እንዳይገጥም ይመልከቱ።

5. የሚጠራዎት መሣሪያ

አርቪው ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚለካና መብራት ሲሄድ ስልክዎ ላይ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይግዙ። የራሱ ሲም ካርድና ባትሪ ያለው ይሁን። ርካሾቹ በዋይፋይ የሚሠሩ ካሜራዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ ያለው ችግር ቀላል ሆኖ ገዳይ ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ያስፈለገበት ሰዓት ላይ መሣሪያው ዝም ይላል፣ እርስዎም ዝምታውን ሰላም ነው ብለው ይተረጉሙታል።

ማስጠንቀቂያውን 80 ዲግሪ (27 ሴልሺየስ) ላይ ያድርጉ። ከዚያ ብሬከር አውርደው ይሞክሩት፤ መልእክቱ በስንት ደቂቃ ደረሰ? ሁለቱም ወገን ኔትወርክ ሊኖረው ይገባል፦ አርቪው ያለበትም፣ እርስዎ የሚሄዱበትም። ግራንድ ካንየን ሸለቆ ውስጥ ሆነው መልእክት አይጠብቁ።

በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ለሚያዘጋጀው ውድድር ውሻውን ይዞ በአርቪ የሚጓዝ ቤተሰብ ይህን በተለይ ያስብበት። ሳምንቱ ሙቅ ነው። ስታዲየሙ ዙሪያ ሙዚቃው ስልክ አያሰማም፣ ሰው ሲበዛ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ከመኪና ማቆሚያው መውጣት ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ቁጥርዎ 20 ደቂቃ ከሆነ ስታዲየሙ ከቁጥሩ ውጭ ነው። ውሻውን ለቀን ማቆያ ይስጡት፣ ወይም ከቤተሰቡ ሰው ተራ ይግባ። እኛ ተራ ነው የምንገባው።

6. በር የሚከፍት ሰው

እርስዎ ቢዘገዩ ማን ይደርሳል? ወደ ጎረቤት አርቪ ሄደው ሰላም ይበሉ፣ ውሻዎን ያስተዋውቁ፣ ስልክዎን ይስጡ። ካምፕ ግራውንድ ውስጥ ያሉ ጡረተኞች ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጠው ስለሚውሉ ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማሉ። በአክብሮት ከጠየቋቸው ደስ እያላቸው ያዩልዎታል። ለቢሮውም ይንገሩ። የበሩ ቁልፍ በቁጥር የሚከፈት ከሆነ ቁጥሩን ለሚያምኑት አንድ ሰው ይስጡ።

በሩ መስታወት ላይ በትልቁ የተጻፈ ወረቀት ይለጥፉ፦ ውስጥ ውሻ አለ፣ ኤሲ ክፍት ነው፣ ስልኬ ይህ ነው፣ ኤሲው የማይሰማ ከሆነ አሁኑኑ ይደውሉ። ይህ ለሕግም ይጠቅማል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንስሳን አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ወንጀል ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ማንም መንገደኛ አስቀድሞ ለፖሊስ ከደወለና ሌሎቹን የሕጉን መስፈርቶች ካሟላ፣ አደጋ ላይ ያለን እንስሳ ለማውጣት መስኮት ቢሰብር አይጠየቅም። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ የቡቺን ሕይወት የሚያድን እጅ መስታወቴን ቢሰብር አመሰግነዋለሁ።

7. ውሻውን ያለማምዱት

ቤት ውስጥ ብቻውን ሰላም የሚቀመጥ ውሻ አርቪ ውስጥ ላይቀመጥ ይችላል። ቦታው አዲስ ነው፣ ድምፁ ብዙ ነው፣ በመስኮት የማያውቀው ሰው ያልፋል። ጉዞው ከመጀመሩ ሳምንታት በፊት አርቪው ቤትዎ ደጃፍ ቆሞ ሳለ ይጀምሩ። ወጥተው ከ30 ሰኮንድ በኋላ ይግቡ። ከዚያ 2 ደቂቃ፣ 5፣ 15። ሲወጡም ሲገቡም ነገር አያግንኑ። ማልቀስ ከጀመረ ጊዜውን ያሳጥሩና ይመለሱበት። ስልክዎን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው ትተው ይውጡ፤ እርስዎ ሲኖሩ ዝም የሚለው ውሻ ሲሄዱ ሰፈሩን ይረብሽ እንደሆን ጎረቤት ከመናገሩ በፊት ያውቁታል።

መጋረጃውን ይዝጉ፣ ሬዲዮ በዝቅተኛ ድምፅ ይክፈቱ፣ ከመውጣትዎ በፊት ረጅም መንገድ ያስኬዱት። ውስጡ ክፍት በሆነ የላስቲክ መጫወቻ የለውዝ ቅቤ ቀብተው ቢሰጡት ጥቂት ጊዜ ይቆይበታል። ቅቤው ግን ዛይሊቶል የሚባለው ጣፋጭ የሌለበት ይሁን፤ ለውሻ መርዝ ነው። ነጎድጓድ የሚፈራ ውሻ ካለዎት፣ በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚበዛባቸው እንደ አሪዞና ባሉ አካባቢዎች ጉዳይዎን ጠዋት ይጨርሱ።

8. ሲወጡ

ከውሻው ጎን ውሃ የማይደፋ ሰፊ ዕቃ ይኑር፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል። የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡ፤ ውሻ ምግብ ሲያሸት በእግሩ ገፍቶ ጋዝ ሊከፍት ይችላል። ቆሻሻውን ያውጡ። በተለይ የእኛ ወጥ የተረፈበት ከሆነ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ውጭ የተዘረጋውን ሸራ ይጠቅልሉ። አንገቱ ላይ የሚያንቀውን ማሰሪያ ያውልቁ። ኬጅ ውስጥ የሚያስገቡት ከሆነ ፀሐይ በማይደርስበትና ከኤሲው አየር በሚያገኝ ቦታ ያድርጉት፤ እኔ ግን ቡቺን ፈትቼ ነው የምተወው። ያን ቀን የቀዘቀዘውን የመታጠቢያ ክፍል ወለል ራሱ ሄዶ ባያገኝ ኖሮ አይተርፍም ነበር።

ኤሲውን ከመውጣትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት እዚያው ሆነው ያዳምጡት። የአርቪ ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡን ከውጭው 20 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ዝቅ ቢያደርግ ነው። ውጭ 108 ከሆነ ውስጡ 88 ይሆናል ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን ምንም ነገር ባይበላሽ እንኳ ውሻውን ትተው አይውጡ።

9. ተመልሰው የውሻው ሰውነት ግሎ ካገኙት

የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ101 እስከ 102.5 ዲግሪ ፋራናይት (38.3–39.2 ሴልሺየስ) ነው። ከ105 (40.6) ካለፈ አደጋ ነው። ምልክቱ፦ ሳያቋርጥ ማለክለክ፣ ዝልግልግ ያለ ብዙ ምራቅ፣ ድድና ምላሱ በጣም መቅላት፣ መንገዳገድ፣ ማስታወክ፣ መውደቅ።

ወዲያው ወደ ጥላ ያውጡት። በቧንቧ ወይም በባልዲ ሰውነቱን ሁሉ በውሃ ያርሱት፤ ሆዱ፣ ብብቱና እግሩ ይረስ፤ ነፋስ ያግኝ፣ ፋን ካለ ያዙሩበት። በረዶ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ፤ ከሰውነቱ የቀዘቀዘ ውሃ ሁሉ ይሠራል። ራሱን የሳተ ከሆነ ጭንቅላቱ ላይ አያፍስሱ፣ ውሃ በአፉም አያስገድዱት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ቴርሞሜትር ካለዎት በፊንጢጣው ይለኩት፤ 103.5 (39.7) ሲደርስ ውሃውን ያቁሙ፣ ከዚያ በላይ መቀጠል ከልክ በታች ያወርደዋል።

ተነስቶ ቢራመድም፣ ጭራውን ቢቆላም ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ኩላሊቱና ጉበቱ የተጎዳ ውሻ ለአንድ ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። ለዚህም ካምፕ ግራውንዱ እንደደረሱ፣ አርቪውን ከመስመር ጋር ከማገናኘትዎ በፊት፣ በአካባቢው 24 ሰዓት ክፍት የሆነውን የእንስሳት ድንገተኛ ክሊኒክ ስልክና አድራሻ ፈልገው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ወረቀት ላይ ጽፈውም ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት።